ፔፕታይድ ሴረም ካለኝ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ልተው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቶብኛል። ዱባይ የምትሠራው እህቴ የፔፕታይድ ሴረም ላከችልኝ። ካርቶኑ ላይ የቆዳ ህዋስን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቃል ይላል። የፀሐይ መከላከያው ቅባት ፊቴን አመድ ስለሚያስመስለው አልወደውም። እሱን ትቼ ሴረሙን ብቻ ብቀባ ይበቃኛል? ጓደኛዬ ደግሞ ከሁሉም የግሉታታዮን መርፌ ይሻላል ትለኛለች።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። አይበቃዎትም፤ የፀሐይ መከላከያውን አይተዉ። ሴረሙን ግን አይጣሉት፤ እሱም የራሱ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ልንገርዎት። ይህን ካወቁ ነገ ሌላ ካርቶን ሌላ ነገር ሲልዎት ራስዎ ይፈርዳሉ።

ፔፕታይድ ምን እንደሆነ ለመረዳት በክር የተሰካ ዶቃ ያስቡ። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ክሩ ረዝሞ ሲጣጠፍ ፕሮቲን እንለዋለን። ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን፣ አንዱ ክሩ ብቻ ከ1,000 በላይ ዶቃ አለው። ክሩ አጭር ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ወይም አሥር አሥራ አምስት ዶቃ ብቻ ከሆነ፣ ፔፕታይድ ይባላል። ማጠሩ ከንቱ አያደርገውም። ሰውነታችን ከህዋስ ወደ ህዋስ መልእክት ሲልክ ብዙ ጊዜ የሚልከው እነዚህን አጫጭር ክሮች ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቀንም። ሙቀትና ጨረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሹራብ ደርበውም ፊትዎ ሊጎዳ ይችላል።

ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ዓይነት የሚያርፈው በአብዛኛው ላይኛው የቆዳ ክፍል ላይ ነው። እዚያ ያለውን ዲኤንኤ በቀጥታ ይመታል። ዲኤንኤ በፊደላት እንደተጻፈ ጽሑፍ ነው። ጨረሩ ሲያርፍበት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ህዋሱ ካልጠገናቸው ጽሑፉን ሲገለብጥ እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳታል። ስህተቱ በዓመታት ሲጠራቀም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ፊደላቱ ለመጣበቅ የሚፈጅባቸው ጊዜ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ ነው። ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ። ጨረሩ አንዴ ዲኤንኤው ላይ ካረፈ የትኛውም ፔፕታይድ ቀድሞ ደርሶ አያስጥልም። ማስጣል የሚቻለው ከመድረሱ በፊት ነው።

ዩቪኤ የሚባለው ደግሞ ጠለቅ ብሎ ይገባል። የመስኮት መስታወትም ብዙውን አያቆመውም። በዋናነት የሚጎዳው ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያገኙትን የሚያጠቁ ሞለኪውሎችን በማስነሳት ነው። እነሱ የህዋሱን ቅባት፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያበላሻሉ። ህዋሱም ሲታወክ ኮላጅንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ማምረት ይጀምራል። ሾፌሮች በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጫቸው ቀድሞ የሚጨማደደው ለዚህ ነው።

በ2015 የታተመ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ብዙዎቻችንን አስደንቆናል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒንን የሚያመርቱት ህዋሶች ላይ ዩቪኤ ካረፈ በኋላ፣ መብራቱ ጠፍቶም በጨለማ ውስጥ የዲኤንኤ ፊደላት መጣበቃቸውን ቀጠሉ። ከ3 ሰዓት በላይ ቀጠሉ። ጨረሩ ያስነሳቸው ኬሚካሎች ራሱን ሜላኒኑን ያነሳሱታል፤ እሱም የያዘውን ኃይል ለዲኤንኤው ያቀብላል። ስለዚህ እርስዎ ቤት ገብተው ቡና እያፈሉ ጉዳቱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

የፔፕታይድ ቦታ እዚህ ላይ ነው። ፍሪ ራዲካሉን ማብረድ፣ ህዋሱ እንዲጠግን መንገር፣ የተቆረጠው ኮላጅን እንዲተካ ማነሳሳት ይችላል። ጨረሩን ራሱን ግን አይመልስም።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ቆዳችን ራሱ የሚሠራው ፔፕታይድ ነው። ይህን ለታካሚዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጨረር ሲመታን በላይኛው ቆዳ ህዋሶች ውስጥ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ይነቃል። ፒ53 የህዋሱ ዘበኛ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሥራ ያስቆማል፣ ጥገና ያዝዛል፣ ጉዳቱ ከባሰም ህዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። በ2007 በቦስተን የዴቪድ ፊሸር ቡድን እንዳሳየው፣ ይኸው ዘበኛ ፒኦኤምሲ የሚባል ረዘም ያለ ፕሮቲን እንዲመረት ያዝዛል። ፒኦኤምሲ ይቆራረጣል። ከቁራጮቹ አንዱ አልፋ ኤምኤስኤች ይባላል፤ 13 ዶቃ ያለው ፔፕታይድ ነው። በነገራችን ላይ ሕመምን የሚያስታግሰው ቤታ ኢንዶርፊንም የሚወጣው ከዚሁ ከፒኦኤምሲ ነው።

አልፋ ኤምኤስኤች ወደ ጎረቤት ህዋስ፣ ሜላኒን ወደሚያመርተው ሜላኖሳይት ይሄዳል። ሜላኖሳይቱ ላይ ኤምሲ1አር የሚባል ተቀባይ አለ። መልእክቱ ሲደርሰው ሁለት ነገር ይጀምራል። አንደኛ፣ ጠቆር ያለውን ሜላኒን ያመርትና ለዙሪያው ህዋሶች ያድላል። እነሱም ሜላኒኑን ወስደው ልክ እንደ ባርኔጣ በዲኤንኤው አናት ላይ ይደፉታል። ሁለተኛ፣ የተጣበቁትን ፊደላት ቆርጠው የሚያወጡ የጥገና ፕሮቲኖች ሥራቸውን እንዲያፋጥኑ ያደርጋል። ቀይ ፀጉርና ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ብዙ አውሮፓውያን ይህ ተቀባይ በደንብ አይሠራላቸውም። መልእክቱ ይላካል፣ የሚሰማው ግን የለም። በፀሐይ ቶሎ የሚቃጠሉት፣ ለቆዳ ካንሰርም የበለጠ የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ፔፕታይድ መድኃኒት ማድረግ ችለዋል። ተፈጥሯዊው ደም ውስጥ ሲገባ በደቂቃዎች ይፈርሳል። በ1980 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 4ኛዋንና 7ኛዋን ዶቃ ቀየሩ፤ ዕድሜው ረዘመ፣ ጉልበቱም ጨመረ። ዛሬ አፋሜላኖታይድ ይባላል። በአውሮፓ በ2014፣ በአሜሪካ በጥቅምት 2019 ተፈቅዷል። 16 ሚሊ ግራም የያዘች፣ ርዝመቷ 1.7 ሳንቲሜትር የሆነች ቀጭን ዘንግ ከቆዳ ሥር በየሁለት ወሩ ትቀበራለች።

የተፈቀደው ግን ለውበት አይደለም። ኢሪትሮፖየቲክ ፕሮቶፖርፊሪያ ለሚባል ብርቅዬ በሽታ ነው። ሕመምተኞቹ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ላይ ከቆሙ እሳት የነካቸው ያህል ያቃጥላቸዋል። በ2015 በታተመው የአሜሪካ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት በ6 ወር ውስጥ ያለ ሕመም ፀሐይ ላይ የቆዩት 69.4 ሰዓት ነው። ባዶ ዘንግ የተቀበረላቸው 40.8 ሰዓት። ለእነዚህ ሰዎች ልጅን ትምህርት ቤት እንደማድረስ ያለ ነገር ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም። ሆኖም የዚህ መድኃኒት መመሪያ ምን እንደሚል ይስሙ። በሕክምናው ጊዜም ከፀሐይ መጠበቅዎን ይቀጥሉ ይላል። በቀጥታ ሰውነት ውስጥ የሚቀበረው፣ በሰው ላይ የተፈተነው፣ የተፈቀደው ፔፕታይድ እንኳ ባርኔጣ አያስጥልም። እንግዲህ ከጠርሙስ በጠብታ የሚወርደው እንዴት ያስጥላል?

እርስዎ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ማድያት ባለበት ቆዳ ላይ አልፋ ኤምኤስኤች ከጤነኛው ቆዳ በዝቶ ይገኛል። ችግርዎ የሜላኒን ትእዛዝ መብዛት ነው። ስለዚህ ይህን መልእክት የሚያስመስል ፔፕታይድ ለእርስዎ አይሆንም። በመዋቢያዎች ውስጥም እንዲህ ያለ አለ፤ አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-1 ይባላል። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ይፈልጉት። ካገኙት ሴረሙን ለሌላ ሰው ይስጡ። አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-8 የሚል ካዩ ግን አይደንግጡ። በስም ይቀራረባሉ እንጂ ያኛው የሚሠራው ለጡንቻ መጨማደድ ተብሎ ነው፤ ሜላኒንን አይመለከትም።

ወደ ካርቶኑ ጽሑፍ ልመለስ። «የቆዳ ህዋስን ይጠብቃል» የሚለው ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን የትኛውን ህዋስ? አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥናት የሚሠራው ሃካት በሚባሉ ህዋሶች ላይ ነው። በጀርመን ሃይድልበርግ በ1988 ይፋ የሆኑ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሞቱ የሚባዙ የሰው ቆዳ ህዋሶች ናቸው። ሳህን ላይ ይዘረጋሉ። ፔፕታይዱ የሚኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። ዩቪቢ ይበራባቸዋል። ከዚያ ስንቱ እንደተረፈ፣ ፍሪ ራዲካሉ ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። ከዓሣ ቆዳ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከእንቁራሪት ቆዳ ሳይቀር የተገኙ ፔፕታይዶች እንዲህ ተፈትነው ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። የቻይናዋ ዩናን ደጋ እንቁራሪቶች እኛ ደጋ ላይ የምንጋፈጠውን ዓይነት ጨረር ይጋፈጣሉ፤ ቆዳቸውም በእነዚህ ፔፕታይዶች የበለፀገ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ፤ የነገ መድኃኒት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሳህኑ ግን ፊትዎን አይመስልም። ሃካት ህዋሶች ቅድም ያወራንለት ዘበኛ፣ ፒ53፣ ተበላሽቶባቸዋል። ሁለቱም ቅጂዎች ላይ ጉድለት አለ፤ ያውም ጨረር የሚያመጣው ዓይነት ጉድለት ነው። ዘበኛ በሌለው ቤት የተደረገ ሙከራ ዘበኛ ስላለው ቤት ሙሉውን አይነግረንም። በብዙ ጥናት ደግሞ ፔፕታይዱ የሚሰጠው ጨረሩ ከመብራቱ በፊት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሳህኑ ላይ ያሉት ህዋሶች ራቁታቸውን ናቸው። የእርስዎ ህዋሶች ግን ራቁታቸውን አይደሉም።

የፊታችን ላይኛው ሽፋን የሞቱ ህዋሶች ድርድር ነው፤ በመካከላቸው ቅባት ተሞልቷል። ልክ እንደ ጡብና ጭቃ ግንብ ነው። ውፍረቱ ከወረቀት ይሳሳል፤ ግን ከባድ አጥር ነው። በሙያችን በልምድ የምንጠቀምበት መለኪያ አለ። ክብደቱ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በላይ የሆነ ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ትንሽነት ብቻውንም አይበቃም። ብዙዎቹ ፔፕታይዶች ውሃ ወዳድ ናቸው፤ አጥሩ ደግሞ ቅባት ነው።

ጂኤችኬን ለምሳሌ እንውሰድ። ሦስት ዶቃ ብቻ ናት፤ 340 ዳልተን ገደማ። በ1973 ሎረን ፒካርት የተባሉ ተመራማሪ ከሰው ደም ፕላዝማ ውስጥ አገኟት። መዳብን አጥብቃ ትይዛለች። ሴረም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ካዩ ብዙ ጊዜ እሷ ከመዳብ ጋር ሆና ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ህዋሶች ኮላጅን እንዲሠሩ ታነሳሳለች፤ ለቁስል መዳንም ተጠንታለች። በክብደቷ አጥሩን ማለፍ ነበረባት። ውሃ ወዳድ ስለሆነች ግን የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ሌላዋ ማትሪክሲል ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ያለችው ባለ 5 ዶቃ ፔፕታይድ ናት፤ ከኮላጅን የተወሰደች ቁራጭ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ህዋሱ የተቆረጠ ኮላጅን ሲያይ አዲስ እንዲሠራ ይቀሰቀሳል። እሷን በአጥሩ ለማሳለፍ የዘንባባ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኝ የቅባት አሲድ ጭራ ይቀጥሉላታል። «ፓልሚቶይል» የሚል ቃል ካርቶን ላይ ካዩ ያ ጭራ ነው። ቀጭን መስመሮችን በመጠኑ ትቀንሳለች። ፀሐይን ግን አትከላከልም።

አሁን ስለ ግሉታታዮን፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ግሉታታዮን ራሱ ፔፕታይድ ነው፤ ሦስት ዶቃ። እያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ አለ። ፍሪ ራዲካልን ከሚያበርዱት ሁሉ ዋናው እሱ ነው። ጨረር ሲመታን መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ጓደኛዎ ከፀሐይ ጉዳት ጋር ማያያዛቸው ከመሬት ተነስተው አይደለም። በመርፌ የሚሸጠው ግን ለዚህ ሳይሆን ለማንጣት ነው። የሜላኒን ማምረቻው ከጥቁሩ ሜላኒን ወደ ቀይማው እንዲያዘነብል ያደርጋል። ቀይማው ከጨረር የሚከላከለው በጣም ያነሰ ነው፤ ጨረር ሲመታውም ራሱ ፍሪ ራዲካል ያወጣል። ገንዘብ ከፍሎ ጋሻን ማስወለቅ ማለት ነው። የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 ለማንጣት የሚሰጠው መርፌ ጉበትን፣ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ሊጎዳ፣ ቆዳን የሚልጥ ከባድ አለርጂም ሊያስነሳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እህቴ፣ ይህን መርፌ እባክዎን አይወጉ። በኢንተርኔት የሚሸጠው ሜላኖታን የሚባለው የማጥቆሪያ መርፌም እንዲሁ ነው፤ ፈቃድ የለውም፣ ቆዳ ላይ ያሉ ምልክቶችን ያጠቁራል፣ ለማድያት ደግሞ የባሰ ነው።

«እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በከፊል ልክ ናቸው። በ1979 የተደረገ ልኬት የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ በኤስፒኤፍ፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት አቅም በሚለካበት ቁጥር፣ በአማካይ 13.4 ያህል፣ የነጭ ቆዳ 3.4 መሆኑን አሳይቷል። ጥሩ ስጦታ ነው። ለማድያት ግን አይበቃም። ማድያትን የሚያነሳሳው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ የእኛን ዓይነት ቆዳ ያጠቁራል። ተራው የፀሐይ መከላከያ ደግሞ ይህን ብርሃን ያሳልፋል።

የእርስዎ መፍትሔ ያለው እዚህ ነው፤ አመድ የመምሰሉም ጉዳይ አብሮ ይፈታል። አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ይፈልጉ። አይረን ኦክሳይድ የዝገት ቀለም ነው። የሚታየውን ብርሃን ያስቀራል፤ ቡናማ ስለሆነም ከቆዳዎ ጋር ይመሳሰላል። በማድያት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቀለም ከሌለው ይልቅ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። እህትዎ ሌላ ዕቃ ሊልኩልዎት ካሰቡ ይህን ይላኩ። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ይሁን። መጠኑ በሁለት ጣት ሙሉ ለፊትና ለአንገት ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሩቡን ያህል ይቀቡና አልሠራልኝም ይላሉ። ደጅ ከቆዩ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። እናቶቻችን የሚይዙት ጃንጥላ ደግሞ አሁንም በምንም አይተካም፤ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ጨርቅ ይሁን። ስስ ነጠላ ብዙ ጨረር ያሳልፋል። ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ከተቀመጡም ዩቪኤ እያገኘዎት ነው።

የአልቢኒዝም ልጅ ያላቸው እናቶችም ይህንኑ የፔፕታይድ ጥያቄ ያነሱልኛል። ለእነሱ ይህ የውበት ጥያቄ አይደለም። የልጁ ቆዳ ሜላኒን መሥራት ስለሚቸገር መልእክት ማብዛት አይረዳውም። ያለችውን ገንዘብ ለሴረም አያውሉት። ለፀሐይ መከላከያ፣ ሰፊ ጥላ ላለው ባርኔጣና ለረጅም እጅጌ ይሁን።

ሴረሙን በተመለከተ፣ ጀርባውን አይተው አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-1 ከሌለበት ማታ ፊትዎን ታጥበው ይቀቡት። መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀን ይሞክሩት። ካሳከከዎት ያቁሙ፤ ቆዳ ሲቆጣ ማድያት ይብሳል። ጀርባው ላይ ሃይድሮኪኖን (ማንጫ መድኃኒት) ወይም ክሎቤታሶል (ጠንካራ ስቴሮይድ) የሚል ካገኙ፣ ወይም ጭራሽ የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ አይጠቀሙበት። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማድያቱን እያቆየው ሊሆን ይችላል። ማድያት ቶሎ አይለቅም። ዛሬ ቀን ላይ ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ፎቶ ይነሱ። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙትና ሁለቱን ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ።